የዓርብ መጥበሻ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18 ቀን 1988 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰ.

ድንቹን ልጬ ውሃ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ሽንኩርቱም ተከትፏል። ከሰሉ እስኪያያዝ ጥቂት ልጻፍብሽ፣ ደብተሬ። እማ ጓሮ ናቸው። ቃሪያ ይለቅማሉ። አንዷን ይቀነጥሱና ቆመው ይቀራሉ፤ ለምን እንደወጡ የረሱ ይመስላሉ።

ዛሬም ወጥ የለም። ከለቅሶው ወዲህ ወጥ አፋቸው አይገባም። ያኔ ሰፈርተኛው በየድስቱ ተሸክሞ ይመጣ ነበር፤ ምስር፣ ክክ፣ ሥጋ፣ ሁሉም በበርበሬ የቀላ። ድንኳኑ ሲነቀል ሽታው አብሮ አልሄደም መሰለኝ። እንጀራ ሳቀርብ ይቆርሳሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ መልሰው ትሪው ላይ ያኖሩታል። ከስተዋል። የብር ቀለበታቸው እየወለቀ ቢያስቸግራቸው ክር ጠመጠሙበት።

ትናንት መጥበሻውን ከግድግዳ አወረድኩ። ድንች በሽንኩርትና በቃሪያ። ሽንኩርቱ ቡኒ እስኪሆን ብቻ፣ ሳያርር። ጥቂት ማንኪያ በሉ። ሳህኑን መለሱልኝ። ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እስካሁን ያልጻፍኩብሽ ነገር አለ። እጄ እንቢ ብሎኝ ነው። ዛሬ ይውጣልኝ። ባሌ ኑሩ ሞቷል። በጳጉሜን፣ ለእንቁጣጣሽ ትንሽ ሲቀረው። ታክሲውን ይዞ ከመገናኛ ሲመለስ፣ ፍሬን እንቢ ያለው የጭነት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ደረሰበት። ተሳፋሪዎቹ ተረፉ። እሱ አልተረፈም። እማ ዘሀራ እናቱ ናቸው፤ ከእሱ ሌላ አልወለዱም። አሁን እዚህ ጎሮ፣ እዚህ ቤት፣ ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ ዒዳ ላይ ነኝ፤ የሐዘን ጊዜዬን እስክጨርስ ከግቢ አልወጣም። ስለዚህ እማ ገበያ ይሄዳሉ፣ እኔ አበስላለሁ። ይኸው ነው ኑሯችን።

ከሰሉ ተያያዘ። ልሂድ።


ዓርብ፣ ኅዳር 21

ዓርብ ይከብዳል። ኑሩ ዓርብ ከሰዓት አይሠራም ነበር። ከጁምዓ ሲመለስ እጅጌውን ይሰበስብና ማድቤቴን ይቀማኛል። ሩዝ በመጥበሻ። ጎረምሳ ሳለ አሰብ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበር፤ እዚያ ነው የለመደው። ጥቁሩን ከባዱን መጥበሻም ያመጣው ከዚያ ነው። ወንድ ልጅ ማድቤት ገባ ብለው ቢስቁበት ግድ የለውም። እማ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው፣ ወንድ ወልጄ ሴት አሳደግኩ እያሉ ያሾፉበታል። ሲበስል ግን ከማንም ቀድመው ሳህን የሚዘረጉት እሳቸው ናቸው።

ዛሬ ሞከርኩት። ሽንኩርት፣ ድንች በትንንሹ፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የእርድ ቁንጥር። ሩዙን አጥቤ ጨመርኩ። ውሃ ጨመርኩ። ያነሰ መሰለኝና ደገምኩ። አማሰልኩ። አሁንም አማሰልኩ። ገንፎ ሆነ።

እማ አዩት። ልጄ እንዲህ አልነበረም የሚሠራው አሉ። ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ወጡ።

እኔስ ምን ብዬ ነበር። ሩዙ ቢሳካ ሰውየው በበሩ ሊገባ ነው? ሞኝ። ለውሻ ሰጠሁት። ውሻውም አሽትቶ ተወው።


ሰኞ፣ ኅዳር 24። ጠዋት

እንቅልፍ ስላጣሁ ሌላውንም ልጻፈው።

በመስከረም መጨረሻ የወር አበባዬ ቀረ። ለማንም አልተነፈስኩም። እማ ግን አወቁ፤ በምን እንዳወቁ እንጃ። አንድ ቀን ውሃ የሞላ ባልዲ ከእጄ ተቀበሉኝ። በማግስቱ ወተት አመጡ። ከሶላት በኋላ ዱዓቸው ረዘመ። እሳቸውም አላሉኝ፣ እኔም አላልኳቸውም፤ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል ግን ሁለታችን እንደ ሌባ ተደብቀን ደስ ብሎን ነበር።

በጥቅምት አጋማሽ ደም መጣ። ነገርኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉ። ሌላ ምንም። ወተቱ ቀረ። ባልዲውን ራሴ መሸከም ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ ነው ቀና ብለው የማያዩኝ። አልፈርድባቸውም። ከልጃቸው የተረፈ ነገር ያለ መስሏቸው ነበር። እኔ እሱንም አላተረፍኩላቸውም።

ይብቃኝ። ሽንኩርት ልላጥ።


ዓርብ፣ ኅዳር 28

ተሳካ።

ነገሩ አለመነካካት ነው ለካ። ክዳኑን ክደኚና ዞር በይ፣ ምግብ ሲያፈጡበት ያፍራል ይለኝ ነበር ኑሩ፤ ዛሬ ነው ትዝ ያለኝ። ሽንኩርቱን ታገሥኩት። ድንቹን ጫፍ ጫፉ ቀላ እስኪል ጠበስኩ። ሩዙን ደረቁን አብሬ አገላበጥኩ፤ ዘይቱ ሁሉንም እስኪነካው። ከዚያ የፈላ ውሃ፣ አንዴ ብቻ። ቃሪያውን ከላይ በተንኩ። ከደንኩ። ፍሙን ቀነስኩ። ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ። ከቦሌ የተነሳ አይሮፕላን በአናቴ አለፈ፤ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት። ስመለስ ሩዙ አንድ ባንድ ሆኖ ቆሟል። ከሥሩ ቀይ ቅርፊት ይዟል።

እማ ሳህናቸውን ጨረሱ። ቅርፊቱን በማንኪያ ፍቄ ጨመርኩላቸው። እሱንም። ከጳጉሜን ወዲህ እንደዚህ ሲበሉ አላየሁም። ደስታዬን እንዳያዩብኝ ውሃ የምቀዳ መስዬ ወጣሁ።

ስመለስ ጨው በዝቶበታል አሉ። ዘይትም ታባክኛለሽ አሉ። የኮምቦልቻ ሴት እጇ ሁሌም እንዲህ ነው አሉ። እሳቸው ራሳቸው እኮ የከሚሴ ናቸው፤ ጎረቤት አገር።

ጨው አልበዛም።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9። ከቀኑ 11 ሰ.

ሰሞኑን የሚጥማቸው ነገር የለም። ይበላሉ፣ ይሰድቡኛል። ድንቹ ገዝፏል። ቃሪያው አንሷል። ቤቱ ዘይት ዘይት ይላል። ትናንትማ፣ አንቺን የምታህል ሴት በሰው ቤት ተጎልታ አትውልም አሉ። በሰው ቤት። በሙሽርነት የገባሁበት ቤት።

ዛሬ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ መጡ። የገናን ጾም ይዘዋል፤ መጥበሻዬ ሥጋም ቅቤም ስለማያውቅ ይወዱታል። ድንች በቲማቲምና በቃሪያ አቀረብኩላቸው። እማ አልነበሩም፤ ከቡልቡላ አትክልት በአህያ የሚያመጡት ገበሬዎች መጥተው ሽንኩርት ሊገዙ ወጥተዋል። እትዬ ብርቄ በልተው፣ መርቀው፣ እጃቸውን እየታጠቡ አመለጣቸው። ወንድምሽ መቼ ነው የሚመጣው አሉኝ።

የቱ ወንድሜ አልኩ።

ለካ እማ ከሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ፣ ቦሌ ድረስ ሄደው ስልክ ደውለዋል። ኮምቦልቻ፣ ለታላቅ ወንድሜ ለእንድሪስ። ዒዳዋ ሲያልቅ መጥተህ ውሰዳት ብለውታል። እትዬ ብርቄ የማውቅ መስሏቸው ነው። ፊቴን ሲያዩ ደነገጡ፤ አፌን በቆረጠው እያሉ ወጡ።

ተባረርኩ ማለት ነው። ያልወለደች ሴት። ልጁ ከሞተ፣ ሆዷም ባዶ ከሆነ፣ ምኔ ናት ብለው ነው። ልክ ናቸው። ምናቸውም አይደለሁም።

ለምን ታዲያ እንዲህ ያመኛል።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 10

አላበሰልኩም። እሳቸውም አልጠየቁም። ዳቦ በሻይ። በአንድ ክፍል ውስጥ አሳዳሪያቸው ጥሏቸው እንደሄደ ሁለት እንግዶች።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12። ከሰዓት

ሁሉንም ልጻፍ፣ አንዱም ሳይጠፋኝ።

ትናንትም ማድቤት አልገባሁም። ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ጋደም ብዬ ሳለ ሽንኩርት ሸተተኝ። የሚያርር ሽንኩርት። ብድግ ብዬ ሮጥኩ። እማ መጥበሻው ላይ አጎንብሰዋል፣ ጢሱ ፊታቸውን ሸፍኖታል። ድንቹን ጡጫ ጡጫ አሳክለው ነው የቆረጡት። ዕድሜያቸውን ሁሉ ወጥ ሲሠሩ የኖሩ ሰው፣ ይህን ግን ነክተውት አያውቁም፤ የልጃቸው ሥራ ነበር።

«ውሃው ምን ያህል ነው?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ውሃው ይቆይ እማ፣ ሽንኩርቱ አሮብዎታል።»

«እና ምን ላድርገው?»

መጥበሻውን አወረድኩት። ጠረግኩት። እንደገና ጀመርን። እሳቸው ቃሪያ፣ እኔ ሽንኩርት። ጎን ለጎን በርጩማ ላይ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ለምን አባረሩኝ?»

ቢላዋው አልቆመም። «ብርቄ ነገረችሽ።»

«ስላልወለድኩ ነው?»

አሁን ቆመ። አዩኝ። ከጥቅምት ወዲህ እንዲህ ዓይኔን አላዩኝም።

«እንደዚያ ብለሽ ነው የሰነበትሽው?» አሉ። «ያ ረቢ። እንደዚያ ብለሽ ነው?»

ሽንኩርቱን አየሁ።

«ስሚኝ ሐዩ» አሉ። «ኑሩ ሆዴ ውስጥ ሳለ ነው አባቱ የሞተው። ይሄን ታውቂያለሽ። የማታውቂውን ልንገርሽ። ወንድሞቼ ሊወስዱኝ መጥተው ነበር። አማቴ ደግ ሴት ነበሩ፤ ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ልጄ ናት፣ የትም አትሄድም አሉ። አጉርሰው አኖሩኝ። ቢመቱኝ እሄድ ነበር። ቢሰድቡኝም እሄድ ነበር። የሚወደኝን ሰው ጥዬ በየትኛው እግሬ ልውጣ? እሳቸው ሲሞቱ እኔ ፀጉሬ ሸብቶ ነበር። ልጅ ነበረኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን አንድ ቀን እንኳ ሰው ሆኜ ሳልኖር ዕድሜዬ አለፈ።»

«እኔን ታዲያ ለምን ይሰድቡኛል?»

«እንድትጠዪኝ ነዋ። ከጠላሽኝ መንገዱ ይቀልሻል ብዬ። አላወቅኩበትም መሰለኝ።»

ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር ከደረቴ ወጣ። እሳቸው ቃሪያውን መልሰው ያዙ። ቀስ ብለው ጨመሩ።

«ያን ዓርብ ሩዙ የተሳካልሽ ቀን፣ በላሁ። ጣፈጠኝ። እየበላሁ፣ ይቺ ልጅ ከሄደች ይሄን ማን ይሠራልኛል አልኩ በሆዴ። ከዚያ ፈራሁ። አማቴም የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው አልኩ። በነጋታው ልደውል ሄድኩ።»

እጃቸውን ያዝኩ። ቃሪያ የነካ እጅ ነው፣ አቃጠለኝ። አልለቀቅኩትም። አፉ በይኝ ልጄ አሉ። እኔም አፉ በሉኝ አልኩ።

ሩዙ ከሥሩ ትንሽ ከረር ብሎ ነበር። ሳህን አላወጣንም። ከመጥበሻው በላን።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ደህና ነን። አብረን እናበስላለን። እማ ውሃውን በዓይናቸው መለካት ችለዋል። ድንቹን አሁንም ያገዝፉታል፣ እኔም አላርማቸውም። ወጥም ቀምሰዋል፣ የምስር፣ ጥቂት።

ስለ ኑሩ እናወራለን አሁን። ሕፃን ሳለ ሽንኩርት ይጠላ ነበር፣ ከወጥ ውስጥ እየለቀመ ትሪው ጠርዝ ላይ ይደረድረው ነበር አሉኝ። ሳቅን።

ዛሬ ግን ልጽፍብሽ የተቀመጥኩት ይህን ብዬ አይደለም። ከዓርቡ ወሬያችን ወዲህ የሚያንገላታኝ ሌላ ነው።

መሄድ እፈልጋለሁ።

ጻፍኩት። ጠዋት ጠዋት የታክሲ ጥሩንባ ሲሰማ በርግጌ እነሳለሁ። ጫማው በር ሥር ነው፤ አላነሳነውም፣ ማናችንም። የምላጩ ሣጥን መስታወቱ ጋ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ሊመጣ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ልጅ እፈልጋለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ልጅ እፈልጋለሁ እላለሁ።

እማን ጥዬ መሄድ አልፈልግም። ይሄም እውነት ነው። ሁለቱን የት ላስቀምጣቸው።


ሰኞ፣ ጥር 6

ዒዳዬ አለቀ። ገላዬን ታጠብኩ። ስወጣ ሰማያዊው ቀሚሴ አልጋዬ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት፤ እማ ከሣጥን አውጥተው ነው። የብል መድኃኒቱ ካምፎር ይሸታል።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። መንገዱ ሰፋብኝ። ማሳው ታጭዶ አልቋል። በጎኑ አዳዲስ የቆርቆሮ ጣሪያዎች በቅለዋል፤ ሲያበሩ ዓይን ይወጋሉ። ሰው ሁሉ ይሄዳል፣ ይመጣል። እኔ ስቀመጥ ዓለም የተቀመጠ መስሎኝ ኖሯል። እስከ ታክሲው ተራ ድረስ ሄድኩ። ረዳቶቹ መገናኛ፣ መገናኛ ይላሉ። አንዱ አወቀኝ። መጣራቱን ትቶ ኮፍያውን አወለቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። እንደምን ዋላችሁ ብዬ ተመለስኩ።

ማታ እማን እንሂድ አልኳቸው። አብረን፣ ኮምቦልቻ። እናቴ ደስ ይላታል፣ ቤቱ ሰፊ ነው። ሳልጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኑሩ እዚህ ነው አሉ። እኔም አልደገምኩም።


ማክሰኞ፣ ጥር 7

እንድሪስ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። አቧራ ለብሶ። ፂሙ ሽበት ጀምሮታል፣ ሳላየው። በር ላይ አቅፎኝ ብዙ ቆየ።

ለእንግዳ ነውና ሩዙን በሥጋ ሠራሁት። ሽንኩርቱን አብዝቼ፣ ቃሪያውን ከነዘሩ። እማ ፍሙን አራገቡልኝ። ሦስታችንም በላን፣ እንድሪስ ደገመ። ይሄን ከየት ተማርሽ አለኝ። እማ ቀድመው መለሱ፤ ከባሏ አሉ።

ከምግብ በኋላ ተነጋገሩ። እንድሪስ አንቱ ውሰድ ካላሉኝ አልወስዳትም አለ። ልጄ ናት፣ ግን ውሰዳት አሉ። የእህታቸው ልጅ ፋጡማ ለረመዳን ከከሚሴ ትመጣለች፣ እዚሁ ከሳቸው ጋር ትቀመጣለች። ይህንም ሳይነግሩኝ ጨርሰውታል። ከዚያ ወደኔ ዞሩ፤ የምትወስኚው ግን አንቺ ነሽ አሉ።

ነገ እነግራችኋለሁ አልኩ። ፈሪ ነኝ። መልሱን እኮ ታኅሣሥ ላይ ጽፌዋለሁ።


ሐሙስ፣ ጥር 9። ጠዋት፣ አውቶቡስ ውስጥ

ትናንት እሄዳለሁ አልኩ። እማ አላህ ያግራልሽ ብለው ልብሴን ማጠፍ ያዙ። ቀኑን ሙሉ አጠፉ፣ ፈቱ፣ አጠፉ።

ዛሬ ሊሸኙኝ አብረው መጡ። ከኑሩ ወዲህ ታክሲ ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ ገበያም፣ ቦሌም፣ የትም በእግራቸው ነው። የኑሩ ባልደረባ ታክሲውን ይዞ በራችን ላይ ሲቆም፣ የመኪናውን በር ይዘው ቆሙ። ይቅርብዎ እማ፣ እዚሁ እንሰነባበት አልኳቸው። ቢስሚላህ ብለው ገቡ። እስከ አውቶቡስ ተራ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጄን ጨምቀው ይዘው። ልጁም ቀስ ብሎ ነዳ፤ እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚነዳ የታክሲ ሾፌር አይቼ አላውቅም።

አውቶቡስ ተራ ግርግር ነው። እንድሪስ ሻንጣዬን ጣሪያው ላይ አስጫነ። እማ መስኮቴ ሥር ቆሙ። ቁመታቸው አይደርስም፤ ወደ ላይ ቀና ብለው ነው የሚያዩኝ። ለዒድ እመጣለሁ አልኳቸው። ካልሆነ ለአረፋ አልኳቸው።

«አትምጪ» አሉ።

የሰማሁ አልመሰለኝም። ጎንበስ አልኩ።

«ለዒድም አትምጪ፣ ለአረፋም አትምጪ። ባዶ ጀርባሽን አትምጪብኝ። አግብተሽ፣ ወልደሽ፣ አዝለሽው ነይ። ያን ጊዜ እኔም አያቱ ነኝ።»

ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። እጄን በመስኮት ሰደድኩ፣ ጣቶቼን ያዙ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጥቂት አብረውት ሄዱ።

«እሺ በይኝ» አሉ።

«እሺ እማ» አልኩ።

ለቀቁኝ። ዞረው በሕዝቡ መሀል ሄዱ፣ አንዴም ወደ ኋላ ሳያዩ። ሻርፓቸውን በዓይኔ ተከተልኩት፤ ከዚያ ሻርፕ በዛ፣ የሳቸው የቱ እንደሆነ ጠፋኝ።

አሁን ኮተቤን አልፈናል። እንድሪስ ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎልኝ ወደ ሌላው መስኮት ዞሯል። መኪናው ይነቀንቀኛል፣ ፊደሌ ይወላገዳል። እሺ ብያቸዋለሁ። ለማለት ያህል አልነበረም። አዝዬው እመጣለሁ፣ እሺ።